በአጎቴ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ንጉሥ

መጋቢት 8

ጎንደር የገባሁት ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አዘዞ ስወርድ ፀሐዩ ከረር ብሏል። የያዝኩት አንድ ትንሽ ሻንጣ ነው። ከልብስ ሌላ ማጉያ መነጽር፣ የስፋት መለኪያ ካሊፐርና የእጅ ባትሪ አለበት። ሚዛኔን ቤት ረስቼ መጥቻለሁ።

የመጣሁት የአጎቴን ሳንቲሞች ለማየት ነው። አጎቴ 80 ዓመት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ባለፈው ወር ደውለው «ልጄ፣ ሳልሞት ናና ምን ምን እንደሆኑ ጻፍልኝ» አሉኝ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ሥራ በዛብኝ ማለት አይቻልም። ፈቃድ ጠየቅኩና መጣሁ።

ቤታቸው ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። እትዬ በር ላይ ጠበቁኝ። አገላብጠው ሳሙኝና «ጾም ነው፣ ምን ላብላህ?» ብለው ተጨነቁ። እሳቸው እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። ለእኔ ግን ሽሮው ወዲያው መጣ።

ቡናው ላይ አጎቴ ቆርቆሮውን አስመጡ። ክዳኑ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ልጅ ሆኜ እንዳልነካው የተከለከልኩት እሱ ነው። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለሉ ትናንሽ ነገሮች አሉ። ከላይ የኛው አገር ገንዘብ ይመጣል። አንድ የማርያ ቴሬዛ ብር አለ፤ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት፣ እሷ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ እየተመታ የኖረው። ሁለት የምኒልክ ግርሽ አለ። አንድ ዳሩ እንደ አበባ የተሸራረፈ ስሙኒም አለ።

ስሙኒውን አንስቼ ትንሽ አየሁት። ዓመተ ምሕረቱ 1936 ነው። ይህ ሳንቲም መጀመሪያ የወጣው ክብ ሆኖ ነበር። አንዳንዱ ሰው ብር እየቀባ ባለ 50 ሳንቲሙ ሽልንግ ነው ብሎ ያሳልፈው ጀመር። ከዚያ ዳሩ ተሸረፈ፣ በጣትም እንዲለይ ሆነ። አንዴ ተመትቶ ያለቀ ገንዘብ ሌላ መልክ ሲሰጠው ማየት ሁሌም ደስ ይለኛል። የዚህ ጉዞዬም ነገር ይኸው ነው።

ከታች ያሉት የኢየሩሳሌሞቹ ናቸው። አጎቴ በ1963 ለፋሲካ ሊሳለሙ ሄደው ሁለት ዓመት ዴር ሡልጣን ገዳም ቆይተዋል፤ ያን ጊዜ ዲያቆን ነበሩ። በየጊዜው ከምትደርሳቸው ጥቂት ገንዘብ ላይ እየቆጠቡ አሮጌው ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ ሰባት የነሐስ ሳንቲም ገዙ። ደረሰኙን እስከ ዛሬ ከውዳሴ ማርያሙ ገጾች መሀል አስቀምጠውታል። ታጥፎ ታጥፎ በመስመሩ ሊቀደድ ደርሷል።

ትልቁን ሳንቲም በመዳፌ ላይ አኖሩት። ከባለ አንድ ብሩ ሳንቲም ትንሽ ይሰፋል፣ ጥቁር ቡናማ ነው። ሁለት ሰዎች ቆመውበታል፤ በመሀላቸው መስቀል አለ።

«ቆስጠንጢኖስና እሌኒ ናቸው» አሉኝ። «መስቀሉን ሲያወጡ።»

ሳየው እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ግን ከ50 ዓመት በላይ ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳዩ የኖሩት ነገር ነው። በዚያ ሰዓት ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። «ነገ በጧት ብርሃን እናየዋለን፣ ጋሼ» አልኩ።

መጋቢት 9

ጧት 1 ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ተከልኩ። ሳንቲም ለማንበብ የጧት ፀሐይን የሚያህል የለም። ከአናት የሚመጣ ብርሃን ሁሉንም ነገር ያስተኛዋል። ከጎን ዝቅ ብሎ የሚመጣው ግን ጉብ ያለውን ሁሉ ጥላ ያስይዘዋል። ሳንቲሙን በጣት እያዞሩ ሙሉ ክቡን ማየት ነው። አንዱ ፊደል ከሰሜን ሲበራበት ይታያል፣ ከምሥራቅ ሲበራበት ይጠፋል።

ትልቁን ካሊፐር ላይ አስቀመጥኩት። 30 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ክቡም የተስተካከለ አይደለም። በአንደኛው ገጽ ሁለቱ ሰዎች ቆመዋል። በግራ ያለው ትልቅ ነው፤ ጢሙ ረጅም ነው፣ የጦር ልብስ ለብሷል። በቀኝ ያለው አጠር ያለ ወጣት ነው። እሌኒ ልትሆን አትችልም።

በሌላኛው ገጽ መሀል ላይ ትልቅ ኤም የምትመስል ፊደል አለች። በግሪክ የቁጥር አጻጻፍ 40 ማለት ናት። ሳንቲሙ ፎሊስ ይባላል፤ ኑሚ ከሚባሉት ጥቃቅን ሳንቲሞች 40 ያወጣ ነበር። ይህን ስርዓት ያመጣው በ498 የቁስጥንጥንያው (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ንጉሥ አናስታስዮስ ነው። የጥንቱን ታሪክ ዓመቶች እዚህ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያኑ ነው። ከፊደሏ ግራ «ዓመት» የሚል የላቲን ቃል ወደ ታች ተጽፏል። በቀኝ ሁለት ኤክስ አንዷ በአንዷ ላይ ተደርድረዋል። 20ኛ ዓመት ማለት ነው። ከግርጌ ሦስት ፊደል አለ፦ ኮን። ቁስጥንጥንያ የተመታ ነው።

ረጅም ጢም፣ የጦር ልብስ፣ ከጎኑ ልጁ፣ 20ኛ ዓመት። ይህ ሕርቃል ነው፤ አውሮፓውያኑ ሄራክሊየስ የሚሉት። ከ610 እስከ 641 የነገሠው።

እስከዚህ ድረስ ማንም መጽሐፍ ያለው ሰው የሚደርስበት ነው። የኔን ልብ የያዘው ሌላ ነገር ነው። ወጣቱ ከቆመበት አጠገብ፣ ጉልበቱ ጋ፣ አንዲት ሰያፍ መስመር አለች። ጭረት ናት ብዬ አለፍኳት። ባትሪውን ዝቅ አድርጌ ሳበራ ግን ሌላ ሰያፍ ስታቋርጣት አየሁ። ኤክስ ናት! ነገሥታቱ በቆሙበት ገጽ ላይ ደግሞ ዓመት አይጻፍም። እዚያ ኤክስ ምን ትሠራለች?

እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይህ ሳንቲም በላዩ ላይ ዳግም የተመታበት ነው። ከሥሩ ሌላ ሳንቲም አለ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ሳንቲም የሚመታው በእጅ ነው። አንዱ የመምቻ ማኅተም ከታች መሠረት ላይ ይተከላል፣ ሌላው ከላይ ይያዛል፣ ባዶው የነሐስ ጥፍጥፍ መሀል ይገባል፤ ከዚያ መዶሻ። ጥፍጥፉን መሥራት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ማቅለጥ፣ ማፍሰስ፣ መመዘን አለበት። ቸኮል ካሉ ወይም ነሐስ ካጠረ አሮጌውን ሳንቲም እንደ ጥፍጥፍ ይጠቀሙበታል። አዲሱ መልክ በአሮጌው ላይ ያርፋል። ምቱ ብርቱ ከሆነ አሮጌው ይደመሰሳል፤ ካልሆነ ቅሪቱ ይተርፋል።

የት እንደሚተርፍም ደንብ አለው። ማኅተሙ ጠፍጣፋ በሆነበት ቦታ ብረቱን እኩል ይደፈጥጠዋል፣ እዚያ ምንም አይቀርም። ማኅተሙ የጎደጎደበት፣ ማለትም የአዲሱ ንጉሥ አካል የሚወጣበት ቦታ ግን የሚጫነው ትንሽ ነው። ስለዚህ አሮጌው መልክ በአዲሱ ንጉሥ ልብስና ጉልበት ላይ ይቀራል። ሌላው ቦታ ዳሩ ነው፤ ማኅተሙ ያልደረሰበት።

እንግዲህ ዳር ዳሩን ጀመርኩ። ኤሟ ባለችበት ገጽ፣ ከዓመቱ በላይ፣ ሦስት የፊደል ቅሪት አገኘሁ። ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አሳደግኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት ኤ ከዚያ ሲ ብዬ ነው። ሕርቃል በላቲን ሲጻፍ ኤ እና ሲ በተከታታይ አሉበት። «የራሱን አሮጌ ሳንቲም ነው እንደገና የመታው» አልኩ። ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ማስታወሻዬ ላይም ጻፍኩት።

ቡና ጠጥቼ ተመልሼ ሳየው ግን ቅር አለኝ። ፊደሎቹ እግራቸውን ወደ ሳንቲሙ መሀል አድርገው ነው የሚቆሙት፣ ንባቡም ከግራ ወደ ቀኝ በዳሩ ዙሪያ ይዞራል። እኔ ደግሞ ፎቶውን ተገልብጦ ነበር ያነበብኩት። የኤዋ ጫፍ ወደ ታች ነበር። ፎቶውን አዞርኩት። ሲ ቀደመች፣ ኤ ተከተለች። ከሲዋ በፊት ደግሞ ድቡልቡል ኦ አለች።

ኦ፣ ሲ፣ ኤ።

በዚያ ዘመን ከነበሩት የቁስጥንጥንያ ነገሥታት ስም ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል የሚመጣው አንድ ብቻ ነው፦ ፎቃስ። በላቲን ሲጻፍ ኤፍ ብሎ ይጀምርና ኦ፣ ሲ፣ ኤ፣ ኤስ ይላል። በሌላኛው ገጽ ያለችው ኤክስም ወዲያው ቦታዋን አገኘች። ፎቃስ 40ን በአንድ ኤም መጻፍ ትቶ በአራት ኤክስ ይጽፍ ነበር። አራት ጊዜ አሥር። ከአራቱ አንዷ ናት በወጣቱ ጉልበት ላይ የቀረችው።

ሁለት ገጽ፣ ሁለት ምስክር። አንዷ ብቻ ብትሆን አልጽፋትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለክብደቱ ፒያሳ ወረድኩ። አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ «ሚዛን ልታስመዝነኝ ትችላለህ?» አልኩት። ወርቅ ሠሪው ሳንቲሙን ጨርቅ ላይ አስቀመጠ፣ የራሱን ማጉያ ዓይኑ ላይ ሰካ፣ ብዙ ቆየበት። 10 ነጥብ 9 ግራም ሆነ።

ስለ ሁለቱ ምት ነገርኩት። አልገረመውም። «ወርቅ ብትሆን እንዲህ አይተዉአትም» አለኝ። «ያቀልጧታል። ነሐስ ስለሆነች ነው አሙቀው ብቻ የመቷት። ሲመቷትም በደንብ አልሞቀችም። ይኸው ዳሯ ተሰንጥቋል።»

እኔ ከጧት ጀምሮ ስንጥቁን አይቼው ነበር። መውደቅ ነው ብዬ ነበር የተውኩት። ነሐስ ሳይግል ሲመታ ከዳሩ ይሰነጠቃል፤ ይህን የሚያውቀው ዕለት ተዕለት መዶሻ የሚይዝ ሰው ነው።

ክብደቱም ለታሪኩ ይስማማል። ሕርቃል ከፋርሶች ጋር በተዋጋባቸው ዓመታት ፎሊስ እየቀለለ እየቀለለ ሄዷል። ለጦርነቱ የቤተ ክርስቲያን ብር ሳይቀር ቀልጦ ገንዘብ ሆኗል። በ20ኛው ዓመት ጦርነቱ አልቆ ፎሊሱ እንደገና ከበድ አለ። ለከባድ ሳንቲም ደግሞ ከባድ ጥፍጥፍ ያስፈልጋል። የፎቃስ ዘመን ፎሊሶች ከባዶች ነበሩ።

ማታ ለአጎቴ ምንም አልነገርኳቸውም። ነገ መጋቢት 10 ነው፣ የመስቀል በዓል።

መጋቢት 10

ከአጎቴ ጋር ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ክንዴን ይዘው ቀስ እያልን ነው የደረስነው። ጎንደር በዚህ ሰዓት ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋቢ አልብሰውኝ ነበር፣ ባያለብሱኝ አልችለውም።

ስንክሳሩ ሲነበብ ጆሮዬን ሰጠሁ። የዛሬው ንባብ መስቀሉ ሁለት ጊዜ መገለጡን ይናገራል። የመጀመሪያው በእሌኒ ነው። ሁለተኛው በሕርቃል። ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ይዘው መስቀሉን ማርከው ነበር፣ ሕርቃል ነው ያስመለሰው። ይህ ንባብ በልጅነቴም ስንት ጊዜ አልፎኛል። ሕርቃል ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ፊቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የሰማሁት።

ቤት ገብተን ትንሽ ካረፉ በኋላ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ስለ ትልቁ ሳንቲም የምነግርዎ አለ።»

«ቆስጠንጢኖስ አይደለም ልትለኝ ነው» አሉ። ፊቴን ማየት ባይችሉም ትናንት ዝም ማለቴን ሰምተውታል።

ነገርኳቸው። ሕርቃል ነው፣ ከጎኑ የቆመው ልጁ ነው አልኩ። ዝም አሉ። እትዬም ሰፌዱን ይዘው ቆሙ። እኔ ቶሎ ብዬ የቀረውን ቀጠልኩ። ልጁም ስሙ ቆስጠንጢኖስ እንደነበረ ነገርኳቸው። ሕርቃል ቆስጠንጢኖስ ነው የሚባለው። ስለዚህ ቆስጠንጢኖስ ማለታቸው ጨርሶ ስህተት አልነበረም።

ከዚያ ዓመቱን ነገርኳቸው። ሕርቃል የነገሠው በጥቅምት 610 ነው። 20ኛ ዓመቱ ከ629 መጸው እስከ 630 መጸው ይደርሳል። መስቀሉ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሰው በ630 መጋቢት ነው። ሳንቲሙ የተመታው መስቀሉ በተመለሰበት ዓመት ነው።

አጎቴ እጃቸውን ዘረጉ። ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ዘጉት።

«ዛሬ የተነበበው» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔ ይህን ከዚያው ከኢየሩሳሌም ገዝቼ...» ብለው አልጨረሱትም። እትዬ ዕልል አሉ።

ጥቂት ቆይቼ ከሥሩ ሌላ ንጉሥ እንዳለ ነገርኳቸው። ፎቃስ ስል ቀና አሉ።

«ፎቃስ? ሞሪክዮስን የገደለው?»

ራሱ ነው። ፎቃስ በ602 ንጉሡን ሞሪክዮስን ከነልጆቹ አስገድሎ ዙፋን የያዘ የጦር ሰው ነው። ሕርቃል በ610 ከሰሜን አፍሪካዋ ቅርጣግና በመርከብ መጥቶ እሱን ጥሎ ነገሠ። አጎቴ ይህን ከየት እንዳወቁት ጠየቅኳቸው። «ዮሐንስ መደብር ላይ አለ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የኒቂዩሱ ጳጳስ ዮሐንስ በግብፅ የጻፈው ታሪክ ዛሬ በሙሉው የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። በ1602 ከዐረብኛ የተመለሰው ነው። በሌላ ቋንቋ የተጻፈው ጠፍቷል። የፎቃስን አወዳደቅ በደንብ ለማወቅ የሚፈልግ አውሮፓዊ በኛ ግዕዝ በኩል ያልፋል።

እኔ ስሙን በሦስት የተበላሹ ፊደላት ለማግኘት አንድ ቀን ፈጀብኝ። እሳቸው ታሪኩን በቃላቸው ያውቁታል። ሳንቲሙ ደግሞ በሁለታችን መሀል 50 ዓመት ተቀምጧል።

«ለምን አልደመሰሰውም?» አሉኝ ቆይተው።

ወርቅ ሠሪው ያለውን ነገርኳቸው። በደንብ አልሞቀም ነበር።

መጋቢት 11

ዛሬ ትናንሾቹን ጨረስኩ። ስድስት ናቸው። ሦስቱ ከጥፍር ብዙም የማይበልጡ፣ ግራምና ግራም ተኩል የሚሆኑ ናቸው። አጎቴ «የመበለቲቱ» ነው የሚሏቸው። በማርቆስ ወንጌል መበለቲቱ የጣለችውን ሁለት ናስ ማለታቸው ነው። እንዲህ ያሉት የአሌክሳንደር ያናይ ሳንቲሞች ናቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ103 እስከ 76 ይሁዳን የገዛው። ከሞተ በኋላም ብዙ ዘመን በገበያ ሲዞሩ ኖረዋል። ስለዚህ ስያሜው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሦስቱ አንዷ እንደ ትልቁ ናት፤ ዳግም የተመታባት። ያናይ መጀመሪያ በአንድ በኩል የአበባ፣ በሌላው የመልሕቅ ምስል ያለበት ሳንቲም ነበረው። በዕብራይስጡ ጽሑፍ «ንጉሥ» ይላል። በኋላ እነዚያኑ ሳንቲሞች ሰብስቦ በላያቸው ሌላ መታባቸው። አዲሱ ጽሑፍ በጉንጉን ውስጥ የገባ ሲሆን ንጉሥ አይልም፤ «ሊቀ ካህናት» ይላል። አንድ ሰው የራሱን ማዕረግ በራሱ ላይ መትቶ ለወጠ። በዚች በአጎቴ ሳንቲም ላይ ከጉንጉኑ ሥር የመልሕቋ አንድ ክንድ ወጥታ ትታያለች። ስታዩአት ቀጭን ማጭድ ናት የምትመስለው።

አንድ ምክር፦ ዳግም የተመታን ሳንቲም ሁለት ጊዜ ከተመታ ሳንቲም ጋር እንዳታምታቱት። መዶሻው ሁለቴ አርፎ ሳንቲሙ በመሀል ከተንሸራተተ፣ ያው ፊት ያው ፊደል ሁለት ሆኖ ይታያል። ዳግም የተመታ የምንለው ግን ከሌላ ማኅተም የመጣ ባዕድ ፊደል ወይም ምስል ሲኖረው ነው። ነጋዴዎች ሁለቱንም በአንድ ስም ይሸጧቸዋል።

አራተኛዋ ምንም አይነበብባትም። እትዬ አንድ ጊዜ ለፋሲካ ብለው በሎሚና በአመድ ፈትገዋታል። እንደ ወርቅ ታበራለች፣ ፊደል ግን የላትም። ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ ሞላ። የአገር ሰው ነሐስ የሚያጸዳው እንዲሁ ነው፤ ጽዋውንም ሌላውንም። ማንም አልነገራቸውም። አሮጌ ሳንቲም ግን ጽሑፉን የሚይዘው በዘመን በወጣለት ቆዳ ላይ ነው። ቆዳው ሲሄድ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ ፋሲል ግቢ ሄድኩ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ዛሬ ግን አንድ ነገር ቆም አደረገኝ። ፋሲል ከተማውን በ1636 መሠረተ፣ ግንቡን ሠራ። ልጁ ዮሐንስ ከጎኑ የራሱን ሠራ። ኢያሱ ሌላ ሠራ። ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ፣ ሁሉም የየራሳቸውን። አንዱ የአንዱን አላፈረሰም። ሁሉም ጎን ለጎን ቆመዋል፣ በእግር እየዞርክ አንድ በአንድ ታያቸዋለህ። የቁስጥንጥንያዎቹ ግን 30 ሚሊ ሜትር ላይ ተደራርበዋል።

ጎንደሮች ሳንቲም አልመቱም። አክሱም በ270 ገደማ በእንዱቢስ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ መትቷል። ከዚያ በደጋው አገር እስከ ምኒልክ ድረስ የራስ ገንዘብ የለም። ጎንደር ስትከብር የምትገበያየው በአሞሌ ጨው፣ በጨርቅና በሚዛን በሚለካ ወርቅ ነበር፤ በኋላ ነው ማርያ ቴሬዛ የገባችው። ባላገሩ እሷንም ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። የትከሻዋን ፈርጥ ዕንቁ ቆጥሮ፣ ያልተፋቀ መሆኑን አይቶ ነው። ሳንቲም ማንበብ ለኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ከግቢው ስወጣ አንድ ወጣት ጠራኝ። ዕቃ ዘርግቷል፤ መስቀል፣ የጣሊያን ሊሬ፣ የምኒልክ ሳንቲም። ማጉያዬን አይቶ ነው መሰለኝ ከኪሱ የፊልም ዕቃ አወጣ። ሁለት የአክሱም ነሐስ። ትንንሽ ናቸው። አንዷ ላይ በግሪክ የተጻፈውን ቁራጭ ቃል አወቅኩት፤ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚለው ነው። ነገሥታቱ ይህን ቃል የጻፉባቸው ሳንቲሞች አሉ። የስንት ጊዜ ሕልሜ ነበር ይህን ሳንቲም በእጄ መያዝ።

መለስኩለት።

ከየት ጉድጓድ እንደወጣች አይነግረኝም። ያ ካልታወቀ ደግሞ ግማሽ ንባቧ ጠፍቷል። ከየትኛው መቃብር፣ ከየትኛው ወለል፣ ከምን ዕቃ ጋር? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው እንዲነገር ያዛል። ይህን ለወጣቱ ነገርኩት። ሊቆጣ ነው ብዬ ነበር፣ ግን ሰማኝ። የባህል ቢሮው በየት በኩል እንደሆነ አሳየሁት። ይሂድ አይሂድ በእሱ ነው። በምትኩ አንድ የ1936 ስሙኒ ገዛሁት፣ ለራሴ።

መጋቢት 12

አውሮፕላኔ ከሰዓት ነው። ጧቱን ቆርቆሮውን በማስተካከል አሳለፍን።

ጨርቆቹን ቀየርኩ። ከትናንሾቹ አንዷ ላይ ደማቅ አረንጓዴ ዱቄት አገኘሁ፤ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ይህ የነሐስ በሽታ ነው። በብረቱ ውስጥ የገባ ጨው እርጥበት ሲያገኝ ይነሳና ነሐሱን እየበላ ይሄዳል። ጠቆር ያለው ጠንካራው አረንጓዴ ጤነኛ ነው፤ ዱቄት የሚሆነው ነው ክፉው። የታመመችውን ለብቻዋ አደረግኳት። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚስቡ ትናንሽ ከረጢቶች ክዳኑ ውስጥ አስገባሁ። ክረምት ሲገባ እንዲቀየሩ ለእትዬ አደራ ሰጠሁ። ለስላሳ ላስቲክ ውስጥ እንዳይገቡ፣ በወረቀት ብቻ እንዲጠቀለሉ ተስማማን።

መለያዎቹን መጻፍ የኔ ሥራ ነበር። አጎቴ ግን የትልቁን ራሳቸው እንደሚጽፉ ነገሩኝ። ወፍራም እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው መስመሩን አያየውም፣ እጃቸው ግን የቁም ጸሐፊ እጅ ነው። ፊደሉ ትልልቅ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወጣ። «ሕርቃል ወወልዱ ቆስጠንጢኖስ። በ፳ ዓመት።» ከዚያ እስክሪብቶውን ያዝ አድርገው አሰቡ። ከታች አነስ አድርገው «ወበታሕቱ ፎቃስ» ብለው ጨመሩ።

ሳንቲሙን ከመጠቅለላቸው በፊት ገለበጡት። እስከ ዛሬ ሁሌ የሚያስቀምጡት ሁለቱ ነገሥታት ወደ ላይ ሆነው ነበር። አሁን ኤሟ ባለችበት በኩል አደረጉት። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሩን ቀስ ብለው ይከተሉ ጀመር። ስንጥቁን አለፉ። ዓመቱን አለፉ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ኦ ያልካት ይቺ ናት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥፍራቸው በትክክል እሷ ላይ ነበር።